በእኛ ጉራንጉር ስንት ሰው ይኖራል

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ
ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለው ለወንድሜ ልጅ ለሙደሲር ባህረዲን።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? የኤደን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ አክስትህ ዙህራ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቀድሞኝ አረጀ እንጂ እኔስ ገና ነኝ።

ረመዳንን በሰላም ጨርሰን ዒድን አከበርን። ያንተን ድርሻ ሰምቡሳ የሠርኬ ልጆች በሉልህ። ሠርኬን ረሳኋት እንዳትለኝ፤ ከደጃችን ፊት ለፊት ያለችው ጎጃሜዋ ናት። የመጀመሪያዋን ስትወልድ በዝናብ ሮጠህ አዋላጅ የጠራህላት አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደ ወለደች አትጠይቀኝ፤ እሷም አትናገርም።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ፤ እንዳትስቅብኝ። አክስትህ ትምህርት ቤት ገብታለች። ፊደሉንማ ካቻምና ጨርሻለሁ፤ ይህን የምታነበውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። የአሁኑ ሌላ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ከአንዋር መስጊድ በላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ከተማ እንዴት እንደሚተዳደር ለነዋሪው ያስተምራሉ። ማዘጋጃ ቤት ምን ይሠራል፣ ከንቲባውን ማን ይሾመዋል፣ የምክር ቤቱን ሰው ማን ይመርጠዋል፣ መንገድ ሲበላሽ ለማን ይነገራል፣ ይኼ ይኼ ነው። አስተማሪው ደመቀ የሚባል ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። ከሲታ ነው፤ ከረባቱ ብቻ ነው የሚታየው።

በዚህ ዕድሜሽ ምን ቆርጦሽ ገባሽ ትለኝ ይሆናል። ወሬ ስለ ሰማሁ ነው። ገበያው እየሰፋ ሄዶ ለካሚዮን ማዞሪያ ቦታ ተፈልጓል፤ የታጨውም የእኛ ጉራንጉር ነው አሉ። ከጠይብ ልብስ ስፌት አንሥቶ እስከ እኛ አጥር ያለው ሁሉ ሊፈርስ ነው። አላህ ይማረውና አባትህ የሠራው ቤት እዚያ ውስጥ ነው። አቤት ልል ተነሣሁና አቤት የሚባለው የት እንደሆነ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ከተማ በር የት እንደሆነ ሳላውቅ!

በመጀመሪያው ማታ በሕፃናት ወንበር አስቀመጡን። ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አልቀረው። ደመቀ «ማዘጋጃ ቤት ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል የእድራችን ዳኛ ጋሼ ዱባለ ብድግ ብሎ «ትልቅ እድር ነው። ከንቲባው ዳኛ፣ ግብሩ መዋጮ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደመቀ ግን «ጥሩ ብለዋል» አለው። ዱባለ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሄድ ደረቱ ይቀድመዋል። እኔም እጄን አወጣሁና «እድር የሚደርሰው ሲሞቱ ነው፤ ይኼኛው በሕይወት ሳለን ይደርሳል ወይ?» አልኩት። «ከጠየቁት ይደርሳል። ካልጠየቁት ግን እርስዎ መኖርዎን በምን ያውቃል?» አለኝ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ሲመችህ ትንሽ ቅርንፉድ ላክልኝ። በርበሬ በረንዳ መደቤ ላይ የኤደን ቅርንፉድ ሲባል ደንበኛው ያለ ክርክር ይወስዳል።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ዱዓዬ አይለይህ።

አክስትህ ዙህራ


ኤደን፣ ተዋሂ
የካቲት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አክስቴ ለእትዬ ዙህራ።

ወዓለይኩሙ ሰላም። ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? እኔ በዱዓዎ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን የወደቡ መጋዘን ውስጥ ቆሜ አነበብኩትና ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ሕንዱ «ሙደሲር፣ ሚስት አገኙልህ እንዴ?» አለኝ። አክስቴ ትምህርት ቤት ገባች አልኩት። ሳቁ ከእኔ ባሰ።

እትዬ፣ ከአንዋር መስጊድ በላይ ብለው ሲጽፉ ልቤ ሄደ። የጁምዓው ሰው መስጊዱን ሞልቶ፣ ግቢውን ሞልቶ፣ እስከ ጨርቅ ሱቆቹ ድረስ ሲሰግድ ነጋዴዎቹ በግማሽ መዝጊያ ይጠብቁ የነበረው ትዝ አለኝ። አባቴ ሰጋጃውን በትከሻው ጥሎ ይወጣል፣ እኔ ከኋላው። ሲመለስ ሁልጊዜ በበርበሬ በረንዳ በኩል ነበር። እያስነጠሰም ቢሆን በዚያ ካላለፈ ጁምዓ የዋለ አይመስለውም።

እዚህ ዝናብ የለም። ብነግርዎ አያምኑኝም፤ ከሁሉ የናፈቀኝ ዝናቡ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ወሬ አያሰማም ነበር። አባቴ ቃሉን አቋርጦ «ቆይ፣ ያባራ» ይላል። ሁላችንም ዝም ብለን እንተያያለን። ሲያባራ የጀመረውን ረስቶት ሌላ ወሬ ያመጣል። እዚህ ሰው ዝም የሚለው ሲጣላ ብቻ ነው።

ስለ ቤቱ አስቤበታለሁ። አይቆጡኝ። ካሚዮን ሳይገባበት ገዢ ይፈልጉለትና ይሽጡት፤ ከዚያ ወደ እኔ ይምጡ። ለጉልበትዎ ሙቀቱ መድኃኒት ነው። ባሕሩን ገና አላዩትም። ሁለት ክፍል ቤት አገኛለሁ፤ ሥራዬም ጥሩ ነው፣ መርከብ በላይ በላይ ነው የሚገባው። ብቻዎን እዚያ ምን ይሠራሉ?

ትምህርቱን ግን አያቋርጡ። ሌላው ቢቀር ለእኔ ወሬ ይሆነኛል።

እጅ ነሥቻለሁ።

ልጅዎ ሙደሲር


አዲስ አበባ
መጋቢት 19 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙደሲር፣ ሰላምታዬ ከዐረፋ በረካ ጋር ይድረስህ።

ባለፈው ማክሰኞ ምክር ቤት ተቀመጥን። የእውነት መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ ለልምምድ ነው። ደመቀ ዕጣ አወጣና ሠርኬ ከንቲባ ሆነች። ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት ተቀመጠችና «በሉ ቶሎ ቶሎ ተናገሩ፣ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» አለች። ዱባለ ቦኖ ውሃ ወደ ሰፈራችን ይግባ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሁላችን «ይግባ» አልን። ደመቀ «የሚቃወም የለም?» ቢል ጠይብ ልብስ ሰፊው «ጎረቤት ነን፤ ምን ያቃውመናል?» አለ።

ከዚያ ቦኖው በማን ደጅ ይተከል የሚለው በእጅ ምርጫ ይወሰን ተባለ። እጅ ከማውጣታችን በፊት ሁላችን ዱባለን አየን። ዱባለ በራሱ ደጅ አለ፣ እጃችን ሁሉ ወጣ። ደመቀ ፈገግ አለና «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና እንደገና» አለን። ስንጨፍን እጃችን ሌላ ነገር ተናገረ። ዱባለ በጣቶቹ መሃል ሲያይ ኖሮ ይኸው እስከ ዛሬ «ምን በደልኩሽ?» ይለኛል።

ጠይብን ግን አዘንኩለት። የምክር ቤቱን ሰው የሚመርጠው ቤትና ቦታ ያለው ባለ ግብር ነው ተብሎ ሲነገር «ታዲያ እኔ ተከራዩ ምን ልማር ነው የመጣሁት?» አለ። ደመቀ ጠመኔውን በእጁ ሲያዞር ቆየና «አቤቱታ ግን ማንም ያቀርባል» አለው። ጠይብ ተቀመጠ፤ በሐሙሱ ግን መጣ።

ቤቱን ሽጪ ላልከኝ ዝም ልልህ አስቤ ነበር። ዝም ብልህ ደግሞ እሺ ያልኩ ይመስልሃል። አልሸጥም። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደዚህ ሲያዞረው ይህ ሁሉ ሜዳና ረግረግ ነበር። አባትህ ከወሎ አምጥቶኝ ገና ከተማውን አላወቅሁም። ጭቃውን በእግራችን ረግጠን ግድግዳውን የመረግነው እኛው ነን። እናትህ አንተን አርግዛ ነበርና አትርገጪ ብንላት «ልጄ ቤቱን ከወዲሁ ይልመድ» ብላ ጫማዋን አወለቀች። አላህ ይማራትና ስትስቅ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር። ለሙቀት ብዬ እሱን ትቼ አልመጣም። ጉልበቴንም በሰናፍጭ አሸዋለሁ።

ባሕሩን አንተ እይልኝ። አላህ በሰላም ያውልህ።

ዙህራ


አዲስ አበባ
ግንቦት 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለሙደሲር።

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህ ቀረብኝ። ተቀይመኸኝ ነው? ብትቀየምም እየተቀየምክ ጻፍልኝ።

ይህን ላልነግርህ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ግን ሆዴም እንደ ጉልበቴ አልችል አለ። ወሬው እውነት ሆነ። ደመቀ ክፍሉን በሙሉ ይዞ ማዘጋጃ ቤት አሳየን። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግራችን ወጣን። ሠርኬ ደረጃው ሥር ስትደርስ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል እጇን ያዝኳት። አንድ ትሕትና ያለው ጸሐፊ የሰፈሩን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልን። የእኛ ጉራንጉር ቢጫ ተቀብቷል። ቢጫው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ብዙ ሰው የማይኖርበት ቦታ ነው፣ እትዬ። ለካሚዮን ማዞሪያ የታሰበው ለዚህ ነው» አለኝ።

ብዙ ሰው የማይኖርበት! ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ ትከሻ ለትከሻ የምንጋጭበትን ጉራንጉር! «ማን ነው እንዲህ ያለ?» ብዬ ጮህኩ። ጸሐፊው አልተቆጣም። «ራሳችሁ ናችሁ እኮ። አምና ስንቆጥር የነገራችሁንን ነው የጻፍነው» አለ።

ያን ጊዜ ሠርኬና ዱባለ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አምና ሰው ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ሠርኬ ልጆቿን ጓዳ ከታ በር ዘግታባቸው «እኔና ባሌ ነን፤ ሌላውን እግዜር ያውቃል» ብላቸዋለች። ልጅን ቆጥሮ ለማያውቁት ሰው መንገር ዓይን መጥራት ነው፤ ይህን አንተም ታውቀዋለህ። ዱባለ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ተከራዮቹን ሁሉ ለዚያ ቀን ዘመድ ጥየቃ ሰድዷቸው ነበር። ሌላውም ቤት እንደየፍርሃቱ አጉድሏል። በወረቀቱ ላይ ብታየን ጉራንጉሩ ወና ነው።

ከሁሉ ጨምራ የተናገረች አክስትህ ብቻ ናት። «ስንት ናችሁ?» ሲለኝ «ሁለት» አልኩት። አንተን ቆጠርኩህ። ምን ላድርግ? ሩቅ ያለ ሰው ከቤት አይጎድልም፤ አጉድሎ መናገር ሟርት ነው።

ደመቀ አቤቱታ ከጻፍን ቆጠራው ሊደገም ይችላል ብሏል። ግን አጥብቆ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር አለ። እውነቱ ብቻ ይነገር፤ አንድ ቤት ዋሽቶ ቢገኝ የሁላችንም ቃል ይወድቃል።

ዱዓ አድርግልን።

ዙህራ


ኤደን
ሐምሌ 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ዙህራ።

ስለ መዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። አልተቀየምኩም፤ እኔ በእርስዎ ላይ! ከተማው ሰዓት እላፊ በዝቶበታል፣ ፖስታ ቤቱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። የስዌዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ መርከብ ብርቅ ሆኗል። እኔ ግን ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው፤ አያስቡ።

ቤቱን ይሽጡ ያልኩዎትን ይርሱት። አይሽጡት። ክፍሌን አከራይተውት ይሆን? ቢያከራዩትም አይከፋኝም፣ ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁት።

ሥራው ስለ ቀለለ ጊዜ አለኝ። ባሕሩ ዳር እቀመጥና ዓይኔን ጨፍኜ ከድልድዩ ጀምሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ሸቀጥ የተሸከመ ሰው «ዞር በል!» ሲለኝ ዞር እላለሁ። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጋ ስደርስ ጆሮዬን እይዛለሁ። የጠይብ ሲንጀር ስትንቀጫቀጭ ስሰማ ጉራንጉሩ አፍ ደረስኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ሰው ስለማይበቃ አንዱ በጀርባው ግድግዳ ተደግፎ ሌላውን ያሳልፋል። ሰው ሲያሳልፈኝ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነው። ትናንት ልክ በራችን ላይ ስደርስ አንድ ወታደር ተነሥና ሂድ አለኝ።

እትዬ፣ ያንን ቦታ ካሚዮን ሲዞርበት ማሰብ አልቻልኩም። ቆጠራው ይደገም። ሰዎቹን እሺ ያሰኙልኝ።

ቅርንፉዱን በሚቀጥለው እልካለሁ።

ልጅዎ ሙደሲር


አዲስ አበባ
ነሐሴ 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙደሲር።

ሰላም ላንተ ይሁን። የጻፍከውን ለጠይብ አነበብኩለት። ስለ ሲንጀሩ ያለውን ሲሰማ ሥራውን አቁሞ «ድጋሚ አንቢልኝ» አለኝ፤ ከዚያ መርፌ እንደገባበት ሰው ዓይኑን ሲያሽ ዋለ።

ክረምቱ ከብዷል። ጉራንጉሩ ወንዝ ሆኖ በድንጋይ ላይ እየዘለልን ነው የምንተላለፈው። አቤቱታችን ገብቷል። ደመቀ እንዴት እንደሚጻፍ አሳየን እንጂ አልጻፈልንም፤ «የእኔ ቃል ከሆነማ የእኔ አቤቱታ ነው» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ዱባለ ሲጀምር ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጀምሮ ግማሹን ገጽ በምስጋና ሞላው። አንተ ሰው፣ የምንፈልገውን መቼ ልትነግራቸው ነው ብዬ ብጠይቀው «መጀመሪያ ይለስልሱ» አለኝ። ለማንኛውም ማዘጋጃ ቤት እሺ ብሏል፤ ከመስቀል በኋላ እንደገና ይቆጥሩናል።

አስቸጋሪው የእኛው ሰው ነው። ሠርኬ «ሞቼ ነው ልጄን የማስቆጥር! ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም» ብላ ለሁለት ሳምንት በር ዘጋችብኝ። ዱባለም «ከነገሩ ጦም እደሩ» ይላል፤ ግብሩን ነው የሚፈራ። ለዱባለ እንዲህ አልኩት፤ «ጋሼ፣ እነዚያ ተከራዮችህ በእድር ቀን ሬሳ የሚሸከሙ እነሱ ናቸው። ሲሸከሙ ሰው ናቸው፣ ሲቆጠሩ ሰው አይደሉም?» ጥርሱን በመፋቂያ ሲፍቅ ቆይቶ ገባ። ለሠርኬ ገና መላ አላገኘሁም።

ክፍልህን አላከራየሁትም። አልጋህ እንደ ተነጠፈ ነው፤ በየጁምዓው አንሶላውን አራግፈዋለሁ። አንተ ግን ምን ሆነሃል? በየካቲት ሽጪ ትለኛለህ፣ በሐምሌ አትሽጪ ትለኛለህ። በሥራ ሰዓት ባሕር ዳር የሚያስቀምጥ ሕንድ መቼ ተፈጠረ? ቅርንፉዱን ተወው፣ አልፈልግም። ያንተን ነገር ጻፍልኝ።

ዙህራ


ኤደን
መስከረም 26 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙህራ።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። እኔ ደህና ነኝ። አድራሻዬ ስለ ተለወጠ ከእንግዲህ አንድ የሐረር ሰው ሻይ ቤት አለ፣ በእሱ በኩል ይጻፉልኝ።

አንድ ጓደኛዬ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። ሰው ብዙ ዓመት ውጭ ኖሮ ለሰፈሩ ሰው የሚሰጠው አንዳች ነገር ሳይዝ፣ ባዶ እጁን ቢመለስ እዚያ ምን ይባላል? እንዲያው ሲጨነቅ ስላየሁት ነው።

የቆጠራውን ወሬ እጠብቃለሁ።

ሙደሲር


አዲስ አበባ
ኅዳር 4 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ፣ ለሙደሲር።

ሰላም ላንተ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ወዲያው ያልመለስኩት ቆጠራው ከተፈጸመ ወዲህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር መልሼ እያስቀመጥኩት ነው። ደስ የሚለውን ላስቀድም።

ቆጣሪዎቹ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ዱባለ በአዲስ ኮት በሩ ላይ ቆሞ ተከራዮቹን አንድ በአንድ እያስወጣ «ይኼም ሰው ነው፣ ይኼም ሰው ነው» ይላል። ጸሐፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። ለሠርኬም በመጨረሻ መላ አገኘሁላት። «አንቺ አትቁጠሪ። ለምሳ እንደምትጠሪያቸው በስማቸው ጥሪያቸው። የሚቆጥረው ጸሐፊው ነው፤ ኃጢአቱ የእሱ ይሁን» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ደጇ ላይ ቆማ ያንን ድምፅዋን ለቀቀችው። «አገኘሁ! በሪሁን! ቦሰና! ኃይሌ!...» ከጓዳው፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከጣሪያው ላይ፣ ከእኔም ቤት ሳይቀር እየሮጡ መጡ። ስትጨርስ ጸሐፊው ጽፎ እስኪጨርስ ፊቷን አዙራ ታማትብ ነበር። እኔም በልቤ ቢስሚላህ እያልኩ ነበር፤ ለልጆቿ እኔም ፈራሁ።

በዚህ ሁኔታ ጉራንጉሩ ሞላ። ትናንት ደመቀ እየሮጠ መጥቶ ነገረን፤ ማዞሪያው ከታች ወዳለው ባዶ ሜዳ እንዲዛወር ተወስኗል። ጉራንጉራችን አይነካም። ጠይብ ሳይከፈለው የደመቀን ኮት እጅጌ ሰፋለት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ግን ገብቼ ተኛሁ።

የሆነውን ልንገርህ። ቆጣሪው እኔ ቤት ሲገባ «ባለፈው ቆጠራ ሁለት ብለዋል፤ ሁለተኛው ማን ነው?» አለኝ። የወንድሜ ልጅ ነው አልኩት። «የት አለ?» ኤደን። ክፍልህን ከፍቶ አየ። የተነጠፈውን አልጋ አየ። የሚጽፈው ልጅ ጨዋ ነው፣ እሱም አፈረ። «መቼ ነው የሄደ?» አለኝ። ነገርኩት። ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። ደጅ ላይ ሠርኬ፣ ዱባለ፣ ሁሉም ቆመው ይሰማሉ። አንድ ቤት ቢዋሽ የሁላችንም ይወድቃል እያልኩ በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ። ሠርኬን ያህል ሴት፣ ልጆቿን ያስጠራኋት እኔ ነኝ።

«አንድ» አልኩት።

ሙደሲሬ፣ አንተ ከሄድክ ጀምሮ እንዲያ ብዬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ መጣሁ ብሏል እላለሁ፣ ለዒድ ሁለት ሰው የሚበላውን እሠራለሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት። ቤቱን አዳንኩ፤ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለጓደኛህ እንዲህ በለው ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ጓደኛ የለህም፤ አንተ ነህ። ሥራህን አጥተሃል፣ ቤትህንም ለቀሃል። ከሐምሌ ጀምሮ አውቄዋለሁ፣ አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ምን ይባላል ላልከው፣ ይባላል። ለሳምንት ይወራበታል፤ ዱባለ ሁለት ሳምንት ያወራል። ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣል። አባትህ ከወሎ ሲመጣ ምን ይዞ መጣና? እኔን ይዞ ነው የመጣ፣ እኔም ያን ጊዜ እከካም ነበርኩ።

ስጦታ አላልኩህም። ልጄን ነው የምፈልገው። ና።

አክስትህ ዙህራ


አሰብ
ኅዳር 26 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙህራ።

ደብዳቤዎን የሻይ ቤቱ ሰው ሰጠኝ። «አንድ» ያሉት ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩና ውጭ ወጣሁ። እስከ ማታ ድረስ የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም።

እንዳሉት ነው። መርከቡ ሲቆም ሕንዱ አሰናበተን። ደህና ነኝ እያልኩ የጻፍኩልዎ ሁሉ የሻይ ቤቱ ወለል ላይ እያደርኩ ነው። ሐረሬው አላህ ይስጠው፣ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ልመጣ አስቤ የማውቀው ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ እጅ እጄን ሲያየኝ ይታየኝና እተወው ነበር።

በሸራ ጀልባ ተሻግሬ ትናንት አሰብ ገባሁ። ጨው የጫነ ካሚዮን በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሹፌሩ በረዳትነት ሊወስደኝ እሺ ብሎኛል፤ ነገ እንነሣለን። ከደብዳቤው እኔ ልቀድም እችላለሁ። ሻንጣ የለኝም። ለሠርኬ ልጆች ከረሜላ እንኳ አልያዝኩም። ጠይብ ከመንገድ ቢያየኝ አያውቀኝም፤ ከስቻለሁ።

«ስመጣ ለምግብ አይቸገሩ» ብዬ ልጽፍልዎ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ርቦኛል፣ እትዬ።

ሙደሲር